ነፋስ ከኋላ

ሟርተኛ የሌለው ጋራዥ በዓለም ላይ የለም። ካለም መኪናው ገደል ገብቶ ሟርተኛው አብሮ አልቋል ማለት ነው። የሊድሱ ጋራዣችን ድርሻውን በአንድ ሰው ጠቅልሎ ተቀብሏል፦ ክቡርነታቸው ጃቤዝ ሆልሮይድ፣ የአዳዲስ መኪኖች ጽናት ፈታሽ፣ የመልካም ዜና ጠላት።

የጋሪ ፈረሶች ገና ሞተር በሰሙ ቁጥር በሚደነብሩበት በዚያ ዘመን እኔ እነዳለሁ፤ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ሞተሩን ያዳምጣሉ። ፀሐይ ስትወጣ ያኮርፋሉ። ሞተሩ ያለ ኮሽታ ሲሠራ "ምን አስቦ ነው?" ይላሉ። ልጃቸውን በዳሩ ዕለት እንኳ ሙሽራውን ከእግር እስከ ራሱ አይተው "ዳገት ላይ እናየዋለን" ብለው ሙሽሪትን አስለቅሰዋል።

ዳገቱ የሳተን ዳገት ነው። ለሽያጭ የሠራነው አዲሱ መኪናችን ሌላው ቦታ እንደ በግ ገራም ሆኖ የዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስ አንዳንዴ ውሃው ይፈላል፣ አንዳንዴ አይፈላም። ፓምፑን ፈታን፣ ቱቦውን ጠረግን፣ ራዲያተሩን አጠብን። ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ጃቤዝ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ወደ ሰማይ ቀሰሩ።

"ውሃው የሚፈላው ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ነው። መኪናው ያዘግማል፤ ነፋሱም እኩል አብሮት ይሄዳል። ታዲያ ራዲያተሩን ማን ያራግብለት?"

የጋራዡ ባለቤት ሚስተር አምብለር ሳቁ። "ጃቤዝ፣ አንተ እኮ ገነት ብትገባም ጣሪያው ያፈሳል ትላለህ።"

"አያፈስም እንዴ?"

ሳቁ እዚህ ያበቃል። እዚያ አገር ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ነው፤ ዳገቱን ከሚወጣው ሰው ጀርባ። አምብለር ግን የምሥራቅ ነፋስ እየጠበቁ አስፈተኑና "አልፏል፤ በፀደይ ይሸጣል" አሉ። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል! መኪናውን የገዛ የገጠር ሐኪም ምጥ የያዛት ሴት ስታስጠራው ነፋሱ እስኪዞር ይቀመጥ?

ጃቤዝ አልተከራከሩም። የምዕራቡ ነፋስ ባፏጨበት አንድ ጭጋጋም ማለዳ "ጌታዬ፣ ፈተናውን ያለፈውን መኪና እስቲ ይሞክሩት" ብለው አምብለርን ከኋላ አስቀመጧቸው። ወገቡ ላይ ስንደርስ ፈላ። እንፋሎቱ መንገዱን ጋረደው።

"ምን ይገትርሃል? ክዳኑን ክፈትና ውሃ ጨምር!" ብለው አምብለር ጮኹብኝ።

ወርጄ እጄን ስዘረጋ ጃቤዝ በክርናቸው ገፉኝ። "ዞር በል። ያንተ ፊት ገና ሚስት አላገኘም።"

ግራ ጉንጫቸው ላይ ባለው የተኮማተረ ጠባሳ ስንት ቀልደናል! ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ።

"ያዘዝኩህን አድርግ!" አሉ አምብለር።

"እስኪበርድ ማንም አይነካውም። ከቸኮሉ እግር አለዎት" ብለው ጃቤዝ ራዲያተሩ ፊት ቆሙ። ዝናቡ ጀመረ። ስብ የተቀባ ዳቧቸውን ለሁለት ገምሰው ትልቁን ለእኔ ሰጡኝ።

ለመኪናው ትልቅ ማራገቢያ ተገጠመለት፤ በየትኛውም ነፋስ ዳገቱን ወጣ። ጃቤዝም ተባረሩ። "ሠራተኛውን ተስፋ ያስቆርጣል" ተባለ፤ እኛም ወደ ሥራችን ተመለስን። ስሸኛቸው "መልካሙን ሁሉ ያግጥምዎ" ብላቸው፣ "ዳገት ላይ እናየዋለን" አሉ።

አዲሱ ፈታሽ ሳቂታ ነው። ሁሉ ነገር ደህና ነው ይላል። አጠገቡ ስነዳ እፈራለሁ። ነፋስ ከኋላዬ በመጣ ቁጥርም ኮፍያዬን አነሳለሁ፤ ለነፋሱ እንዳይመስላችሁ።