በጀርባ የተገፋች ካሚዮን

እኛ ሰዎች ካልጮኸ ጉልበት አይመስለንም። መኪና ሲያጓራ፣ ጎረምሳ ሲፎክር፣ ሮኬት እሳት ሲተፋ አፋችንን ከፍተን እናያለን፤ ድምፁን አጥፍቶ የሚሠራውን ግን ዞር ብለንም አናይ። ይህን የምለው ቂም ይዤ ነው። ሥራዬ ለትንንሽ ሳተላይቶች የኤሌክትሪክ ሞተር መሥራት ነው። ሞተሬ የምትበላው መብራት ከአንድ አምፖል አይበልጥም፤ ግፊቷም መዳፍ ላይ ካረፈ ወረቀት ክብደት አያልፍም። ይህን ስናገር የማይስቅብኝ የለም። እናንተም እየሳቃችሁ ነው፤ ግድ የለም፣ ለምጄዋለሁ። ዳሩ ግን እዚያ ጠፈር ላይ የሚይዛት ነገር ስለሌለ፣ ወራት ሙሉ ሳታርፍ ስትገፋ ሳተላይቷን ካንዱ መንገድ ወደ ሌላው ታሻግራታለች።

ያልሳቁብኝ አያቴ ብቻ ነበሩ። አገራቸው ኮኪት ሄጄ ነገሩን ሳስረዳቸው ረጋ ብለው ሰሙኝና፣ «ይህንንማ እኛም በጣልያን ጊዜ ሠርተነዋል» አሉኝ።

ያኔ ጎረምሳ ናቸው። ማሽላቸውን አጭደው ከምረው ሊወቁ ሲሉ፣ አንዲት የጣልያን ካሚዮን አውድማቸው መሃል ተበላሽታ ቀረች። ሾፌሩ መለዋወጫ ፍለጋ ሲሄድ አንድ ዘበኛ ትቶ ሄደ፤ ጣልያን የመለመለው የወሎ ሰው። ትእዛዙም አጭር ነበር፦ ካለችበት ከተነቃነቀች ትገረፋለህ። ክምሩን ታዲያ ከላይ ወፍ፣ ከታች ምስጥ ተያያዘው። ያ እህል ካልተወቃ ቤተሰቡ ከርሞ የሚቀምሰው የለውም። አያቴ ዘበኛውን ለመኑት፤ «እኔንስ ማን ያድነኛል፣ ወንድሜ?» አላቸው። እውነቱን ነው።

ቆላ ነውና፣ ቀትር ላይ በዚያ ሜዳ ከካሚዮኗ በቀር ጥላ የለም። አያቴና ሁለት ወንድሞቻቸው በየቀኑ ሊያርፉ ይመጣሉ። አንዱ ጎማው ሥር ያለውን ታኮ ድንጋይ በእግሩ ሸርተት ያደርጋል፤ ሌሎቹ ከኋላዋ ቆመው፣ ስለ ወሎ ብርድ እየጠየቁ፣ ጀርባቸውን ደገፍ ያደርጋሉ። ዘበኛውም ጨዋታ ወዳድ ነበርና አብሯቸው ይደገፋል። በቀን ስንዝር፣ ሲበዛ ክንድ። መሬት ላይ ትንሽ ግፊት ከባድ ነገርን ጭራሽ እንደማያንቀሳቅስ ላርማቸው አልኩና ተውኩት፤ እሳቸው አንቀሳቅሰዋላ!

ወር ሳይሞላ አውድማው ተለቀቀ። ከክምሩ የተረፈውን ወቅተው ሲጨርሱ ሾፌሩ ከአለቃው ጋር ደረሰ። አለቃው ግራ ገብቶት ካሚዮኗንና አውድማውን እያፈራረቀ አየ፤ የጎማዋን ዱካ ገለባ አልብሶታል። ዘበኛውን አፋጠጠው።

«አልተነቃነቀችም ጌታዬ። ቀኑን ሙሉ ተደግፌያት ነው የምውለው» አለ ዘበኛው፣ ዓይኑን ሳያሽ።

አለቃው እጁን አወናጭፎ ወደ ጥገናው ዞረ። ካሚዮኗ ተጠገነች። ዘበኛው አብሯት ሊሄድ ሲል፣ የአያቴ ልብ አልቻለም፤ ያ የዋህ ሰው ሳያውቀው ቤታቸውን ከረሃብ አውጥቷል። አንድ ቁና ማሽላ ሰፍረው አመጡለት።

«ለጥበቃህ ነው» አሉት።

ቁናውን አየት አደረገና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለጥበቃዬ ከሆነ አይገባኝም» አላቸው፤ «ለግፊቴ ከሆነ ግን አንሷል።»