ብርሃን ያዡ ኦቦ ቶላ

ሲኒማን ሲኒማ የሚያደርገው ማን ይመስላችኋል? ተዋናዩ ካላችሁ ሱሉልታ ብቅ በሉና የጎረቤቴ የኦቦ ቶላ መሳቂያ ሁኑ። ፈረንጆች ሜዳችን ላይ ፊልም ሲያነሱ፣ የፀሐይን ብርሃን ወደ ተዋናዩ ፊት የሚመልሰውን ነጭ አቡጀዲ ወጥረው ይዘው የዋሉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ «ብርሃን ያላገኘ እንባ ያው ውኃ ነው» ይላሉ። ለቅሶ ቤት እንኳ አልቃሿን ወደ በሩ ጠጋ ያደርጓታል። እናንተ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው የለም? ታድላችኋል።

ባለፈው በድንበር የተጣሉትን ደበላንና ነጋሽን ሽማግሌ ለፍቶ ለፍቶ አስታረቃቸው። ተቃቀፉ። እኛም እልል ልንል ስንል ኦቦ ቶላ ነጭ ጋቢያቸውን ዘርግተው ተነሡ።

«ይደገም። ነጋሽ ጥላ ውስጥ ነው፤ ይቅርታው አልታየም።»

ለሽበታቸው ሲባል ተደገመ። አሁን ደግሞ ነጋሽ በራና ደበላ ጨለመ።

«ፀሐዩን ለምን ለእሱ ይሰጡታል?» አለ ደበላ። «መሬቴንም የወሰደው እንዲሁ ነው።»

ነጋሽ ዱላውን አነሣ፤ ደበላም አነሣ። ሽማግሌዎቹ «በጃንሆይ አምላክ» እያሉ ቢጮኹ ማን ሰምቷቸው። ኦቦ ቶላ ግን መሀላቸው ቆመው ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ። ሁለቱ ባላንጣዎች እሳቸውን አዩ፤ ቀጥሎ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ኦቦ ቶላን በሜዳው ላይ ያባርሯቸው ጀመር።

ኦቦ ቶላ እየሮጡ ዞር ብለው ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«አሁን የሁለታችሁም ፊት በራ። እንዳትቆሙ።»