ክብርት እትዬ ዶብሪና እና ያልነቃችው ኤሊ

በየሰፈሩ ከሞት ቀድሞ የሚደርስ አንድ ሰው አለ። ሐኪሙ ገና መነጽሩን ሲፈልግ፣ ቄሱ ገና መልእክት ሲላክባቸው፣ ይህ ሰው ደጃፉን አልፎ፣ ወንበር ስቦ፣ ከአልጋው ራስጌ ተቀምጧል። ማን እንደነገረው አይታወቅም። በሽተኛ ያለበት ቤት ደግሞ እሱን ሲያይ «ግባ» ማለት ይፈራል፤ «አትግባ» ማለትም ነውር ይሆንበታል።

በማሪጻ ወንዝ ዳር ባለችው ትንሽ ከተማችን፣ ከባቡር ጣቢያው በላይ ባለው መንገዳችን፣ ይህን ማዕረግ የያዙት ክብርት እትዬ ዶብሪና ናቸው። ሰባውን አልፈዋል። ባላቸውን ከቀበሩ ወዲህ ጥቁር ሻሻቸውን አውልቀው ያያቸው የለም። ብርድ ልብሱን ከግርጌ ገለጥ ያደርጉና የበሽተኛውን ውስጥ እግር ይዳስሳሉ። ከዚያ የኪስ መስታወታቸውን አውጥተው ከአፍንጫው ሥር ይይዛሉ። ቤተሰቡ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። እሳቸውም መስታወቱን በሽርጣቸው ጠርገው ወደ ኪሳቸው ይመልሱና «አለቀ። ማጠቢያ ውሃ ጣዱ» ይላሉ። በመንገዳችን ለቅሶ የሚጀመረው ከዚህ ቃል በኋላ ነው። ቀድሞ እንባ የጀመረ ካለ በዓይናቸው ያስቆሙታል።

መስኮቱን ወለል አድርገው የሚከፍቱትም እሳቸው ናቸው፣ ነፍስ መውጫ እንድታገኝ። የንፍሮው ስንዴ ውሃ እንዳይቋጥር ጣታቸውን ከተው ያያሉ። ለሞተ ሰው አበባ የሚመጣው ጥንድ ጥንድ፣ ለሕያው ደግሞ ጎዶሎ ሆኖ ነውና የያንዳንዱን ሰው እቅፍ ይቆጥራሉ፤ ጎዶሎ ይዞ የመጣ ካለ አንዷን መዘው ይጥሉበታል። በሰርግ ቤት እንኳ አያርፉም። የሙሽራውን አጎት ከዳንስ ጎትተው «ያ ለመጨረሻው ቀን ያስቀመጥከው ግራጫ ልብስህ አሁንም ልክህ ነው?» ሲሉት፣ ሰውዬው የዚያን ዕለት እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም።

የተሳሳቱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም አያምኑም። ዳቦ ጋጋሪው ትሪፎን ብዙ ራኪያ ጠጥቶ ግንድ ሆኖ በተኛበት ቀን «አለቀ» ብለው ውሃው ሲፈላ፣ ትሪፎን ተነሥቶ ቁጭ አለና ጫማውን ጠየቀ። «እኔ አልተሳሳትኩም፣ እሱ ነው የተመለሰው» አሉ እትዬ ዶብሪና። ትሪፎን እስከ ዛሬ በመንገድ ሲያገኛቸው ጥፋት እንደሠራ ሰው አንገቱን ይደፋል።

እንግዲህ ኢስክራ የበረዶውን ወራት ሙሉ ደጇን ስትጠብቅ የከረመችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ኢስክራ የሃምሳ ዓመት ሴት ናት፤ ከአባቷ ከጋሽ ጌራሲም ጋር ትኖራለች። ጋሽ ጌራሲም ዕድሜያቸውን በሐዲድ ጥበቃ የፈጁ ሰው ናቸው። በጥር በረዶ አንሸራቷቸው ወደቁ፤ መውደቁ ሳያንስ ሳንባቸው ታመመ። ሐኪሙ በየካቲት «ሳንባው ድኗል፤ የቀረው እሳቸው መነሣት መፈለጋቸው ብቻ ነው» አለ። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። ማንኪያ ሲቀርብላቸው ከንፈራቸውን ይገጥማሉ።

እትዬ ዶብሪና ጠዋት ጠዋት ከአጥሩ በር ይቆማሉ።

«አባትሽ እንዴት አደረ?»

«ደህና ነው፣ እትዬ ዶብሪና።»

«ገብቼ ልየው እንዴ?»

«ተኝቷል።»

«ተኝቶ ነው እንጂ ታዲያ ማየት።»

ኢስክራ በትከሻዋ በሩን ደግፋ ትቆማለች። ያ ጥቁር ሻሽ ያን በር ካለፈ አባቷ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። መንገዱም ያውቃል። ሴትዮዋን በልቧ ጥንብ አንሣ ትላቸው ነበር፣ ስማቸውን ስትጠራ ግን አንድም ቀን «እትዬ»ን አልዘለለችም።

ጋሽ ጌራሲም አንዲት ኤሊ አለቻቸው። በወጣትነታቸው ከሐዲዱ መሐል አንሥተው፣ በኮታቸው ኪስ ከተው ያመጧት ናት። ስሟን ሱልታና አሏት። በየመከሩ መብላት ስታቆም አፈርና ደረቅ ቅጠል በተሞላ ሣጥን ውስጥ አስተኝተው ምድር ቤት ያስቀምጧታል፤ ብርዱ ሲያልፍ ነቅታ ሣጥኑን ትቧጭራለች፣ እሳቸውም ይዘዋት ወደ ጓሮ ይወጣሉ። ባለፈው መከርም በገዛ እጃቸው ነበር ያስተኟት። እና በየካቲት መጨረሻ ፊታቸውን ከግድግዳው ሳያዞሩ እንዲህ አሉ፦ «ሱልታና ስትወጣ እኔም እወጣለሁ።»

ኢስክራ መጀመሪያ ደስ አላት። ሌሊቱን ስታስበው ግን ደስታዋ ጠፋ፤ ባትወጣስ የሚለውን አባቷ አልተናገሩም፣ እሷም አልጠየቀችም።

የብስራት ዕለት ጠዋት በእኛ ዘንድ ልጆች ድስትና መጥበሻ እየደበደቡ በየመንገዱ ይዞራሉ። እባብ፣ እንሽላሊት፣ ኤሊ፣ በደረቱ የሚሄድ ሁሉ በዚያ ቀን ይነቃል ይባላል። ጫጫታው በመስኮቱ ሥር ሲያልፍ ጋሽ ጌራሲም ራሳቸውን ከትራስ ቀና አደረጉ።

«ወጣች?»

«እየተገላበጠች ነው፣ አባዬ።»

«ትቧጭራለች?»

«ትንሽ ትንሽ።»

ውሸቷን ነው። ምድር ቤት ወርዳ ቅጠሉን ስትገልጥ ሱልታና እንደተኛች ነበረች። አንገቷ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቶ ተዘግቷል። ለከብት ሐኪሙ ስልክ ደወለች። «እኔ በኤሊ አልሠለጠንኩም» አላት። «ካልሸተተች ጠብቂ።»

ኢስክራ ኤሊዋን በሽርጧ አቅፋ ከደረጃው ሥር ቆመች። በመንገዳችን የሞተን ካልሞተ የሚለይ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። ያንን ሰው ደግሞ ከጥር ጀምራ በትከሻዋ ስትከለክል ነው የከረመችው። ቆማ ቆማ በመጨረሻ ወጣችና የአጥሩን በር ከፈተች። እትዬ ዶብሪና እንደ ልማዳቸው እዚያው ነበሩ።

«ይግቡ፣ እትዬ ዶብሪና። ግን ለአባዬ አይደለም።»

«ለማን ነው ታዲያ?»

«ለኤሊዋ።»

እትዬ ዶብሪና ጎንበስ ብለው በሽርጧ ያቀፈቻትን አዩ። ከዚያ ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩ። «መቼስ እሷም ነፍስ አላት» ብለው ገቡ።

ኤሊዋን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ንጹሕ ፎጣ ላይ አስተኟት። እትዬ ዶብሪና እንደ ወጉ ከእግር ጀመሩ።

«ቀዝቃዛ ናት። በደህናዋ ቀንስ?»

«በደህናዋም ቀን ቀዝቃዛ ናት።»

መስታወቱን አወጡ። ምንም እንፋሎት አልታየበትም። የፊት እግሯን አንሥተው ለቀቁት፤ ወደቀ። ኢስክራ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጣ ቃሉን ጠበቀች። ከተባለ በኋላ ያለው ሥራ የእሷ ነው፤ ወደዚያ ክፍል ገብታ ለአባቷ መንገር አለባት። እትዬ ዶብሪና አፋቸውን ከፈቱ። ከግድግዳው ማዶ ጋሽ ጌራሲም ሳሉ። ሴትዮዋ አፋቸውን መልሰው ዘጉ።

«እሱ ምን ይላል?» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ።

«ስትወጣ እወጣለሁ ነው የሚለው።»

«ውሃ ጣጂ።»

ኢስክራ ወንበሩን ሳትለቅ ጠየቀች። «አለቀ ማለት ነው?»

«አለቀ አልኩሽ እንዴ? ለብ ያለ ውሃ ነው የምልሽ፣ የሕፃን ውሃ። መስኮቱንም ክፈቺው፣ ፀሐይ ይግባ።»

ሱልታናን በሳፋ ውስጥ እስከ አገጯ አስቀመጧት። እትዬ ዶብሪና ራሷ እንዳይሰምጥ በሁለት ጣታቸው ይዘው ተቀመጡ።

መንገዱ ግን ያየውን አይቷል። ጥቁሩ ሻሽ በአጥሩ በር ገብቷል፣ ጭስ ማውጫው ጨሷል፣ መስኮቱ በመጋቢት ብርድ ወለል ብሏል። ከዚህ በላይ ምን ይጠየቃል። ምሳ ሳይደርስ ሴቶቹ አበባቸውን ጥንድ ጥንድ ይዘው ደረሱ። አናጢው ላዛር ባርኔጣውን አውልቆ፣ ሜትሩን በኪሱ ከትቶ በሩ ላይ ቆመ። አንዷ ጎረቤት ከመስኮቱ ሥር ሙሾ ጀመረች፦ «ጌራሲም ደጉ፣ ያን ሁሉ ባቡር በሰላም ያሳለፍከው…»

ኢስክራ ሮጣ ወጣች። «ኧረ አልሞተም፣ ተዉ።»

«አይዞሽ ልጄ» አለችና አንዲት ሴት አቀፈቻት። «መጀመሪያ ላይ ሁላችንም እንደዚህ እንላለን።»

«ኤሊዋ ናት እኮ።»

ሴትዮዋ ወደ ላዛር ዞር ብላ «ምስኪን፣ ድንጋጤው ነው» አለችው።

በዚህ መሐል ከቤት ውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ። ከጥር ወዲህ ከሹክሹክታ አልፎ የማያውቅ ድምፅ ነው።

«ኢስክራ፣ ማነው የሞተው?»

ላዛር ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። ጋሽ ጌራሲም ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው እስከ ወጥ ቤቱ በር መጡ። እግራቸው ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ያዩት ሻሹን ነው።

«ዶብሪና፣ ለእኔ ነው የመጣሽው?»

«ላንተ ቢሆን ይሄን ያደፈ ሽርጥ አደርግ ነበር? ተቀመጥ፣ አትውደቅብኝ።»

ከዚያ ሳፋውን አዩት። ወንበሩን ይዘው ቆሙ። ሴቶቹ ገብተው ግድግዳውን ተደግፈዋል።

«ሞታለች?» አሉ ጋሽ ጌራሲም።

ሁሉም ሰው እትዬ ዶብሪናን አየ። በዚያ ቤት የነበረ ሰው ሁሉ ያን ቃል በራሱ ቤት፣ በራሱ ሰው ላይ ሰምቶታል። እትዬ ዶብሪና ዓይናቸውን ከውሃው ሳያነሡ መለሱ።

«አላውቅም።»

ክብርት እትዬ ዶብሪና በዚህ ጉዳይ አላውቅም ሲሉ የሰማ ሰው አልነበረም። ጋሽ ጌራሲም ቀስ ብለው ተቀመጡና ጣታቸውን ሳፋው ውስጥ ከተው ከኤሊዋ የድንጋይ ልብስ ጎን አሳረፉት።

ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። አበባው ባልዲ ውስጥ ተቀመጠ። አንዱ ቤት ለበዓሉ የሠራውን የዓሣ ሾርባ አምጥቶ ምድጃው ላይ ጣደ። ውሃው ሲቀዘቅዝ ኢስክራ ትለውጣለች፤ «እስቲ ልቀበልዎት» ስትላቸው እትዬ ዶብሪና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጣቶቻቸው ነጭ ሆነው ተጨማደዱ። ከሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ላዛር ጉሮሮውን ጠርጎ «እንግዲህ፣ እትዬ ዶብሪና፣ ይበቃ ይሆን?» አለ።

«አንተ ሜትርህን ይዘህ ሂድ» አሉት። «እኔ አለቀች ማለት ካልቻልኩ አልለቃትም።»

ፀሐዩ ከጠረጴዛው ወርዶ ሳፋው ላይ ሲያርፍ የሱልታና ጉሮሮ ተንቀሳቀሰ። ኢስክራ የውሃው ጥላ መስሏት ነበር። እንደገና ተንቀሳቀሰ።

«ትጠጣለች» አሉ ጋሽ ጌራሲም። «ኢስክራ፣ ተመልከቺ፣ እየጠጣች ነው።»

ኤሊዋ ጠጣች፣ ጠጣች፤ በመጨረሻ አንድ ዓይኗን ከፈተችና እትዬ ዶብሪናን እንደማይፈለግ እንግዳ አየቻቸው። ጋሽ ጌራሲም በብርድ ልብሱ ጫፍ ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። ሲጨርሱ «የምን ሾርባ ነው የሚሸተው?» አሉ።

ሰዉ እያፈረ እየተሳሳቀ ወጣ። ያቺ ኢስክራን ያቀፈቻት ሴት ከባልዲው የራሷን ሁለት አበቦች አወጣች፤ አንዷን ብቻ ለኢስክራ ሰጥታ ሌላዋን ይዛ ሄደች።

ኢስክራ አባቷን አብልታ፣ አስተኝታ፣ ሱልታናን ከአልጋቸው አጠገብ አስቀምጣ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች። እትዬ ዶብሪና ከሳፋው ጎን እንደተቀመጡ ናቸው። ራሳቸው ወደ ኋላ ወድቋል፣ አፋቸው ተከፍቷል፣ የተጨማደዱት እጆቻቸው ጉልበታቸው ላይ ተዘርግተዋል። አይንቀሳቀሱም።

«እትዬ ዶብሪና።»

ኢስክራ ትከሻቸውን ነካች፤ አልነቁም።

ያን ጊዜ የመጣላት ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር። ሴትዮዋ ልጅ የላቸውም። በመንገዳችን ጫፍ ባለችው ቤታቸው ብቻቸውን ነው የሚያድሩት። ለሁሉ ሰው ቀድመው ለሚደርሱት ለእኚህ ሴት፣ ቀድሞ የሚደርስላቸው ማነው? ሰው ሁሉ በመንገድ ሲያገኛቸው ሰላምታውን ወርውሮባቸው የሚሮጠው ፊቱን እንዳያዩበት ነው። ተንበርክካ ጉንጯን ወደ አፋቸው አስጠጋች። ለብ ያለ፣ ዓሣ ዓሣ የሚል ትንፋሽ ነካት። እዚያው እንደተንበረከከች አለቀሰች፤ እኚህ ሴት በሕይወት ይኑሩልኝ ብላ ትመኝ እንደነበር እሷም ገና ያን ጊዜ ነው ያወቀችው።

«ገና ነኝ» አሉ እትዬ ዶብሪና ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «በጆሮዬ አታልቅሺብኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ኢስክራ ሾርባ ይዛ በመንገዱ ጫፍ ያለውን በር አንኳኳች። እትዬ ዶብሪና ከፈቱ፤ ሻሻቸውን ገና አላሰሩትም፣ ፀጉራቸው ነጭና ስስ ነው።

«ማን ታመመ?» አሉ፣ እጃቸውን ወደ ኪስ መስታወታቸው እየሰደዱ።

«ማንም። እንዴት አደሩ ልበልዎ ብዬ ነው።»

ኢስክራ ይህን ብላ አልሄደችም፤ መልሱን እየጠበቀች ቆመች። ክብርት እትዬ ዶብሪና በሩን እንደያዙ ሳህኑን አዩ፣ እሷን አዩ።

«ጉልበቴን» አሉ በመጨረሻ። «ጉልበቴን ሌሊቱን ሲቆረጥመኝ አደረ።» ከዚያም ከበሩ ገለል ብለው አሳለፏት።