በልቻለሁ ያለ ሁሉ

በወላይታ ሶዶ ከተማ፣ ስሙን መጥራት ክብሩን ማሳነስ በሚሆንበት አንድ መሥሪያ ቤት፣ ከማሽን ጋር በጽሑፍ የመነጋገር ዘመን በይፋ ተከፈተ። ዘመኑን የከፈቱት ኃላፊው አቶ ቦጋለ ናቸው። በዚያ ግቢ የሚከፈት ነገር ሁሉ፣ የታሸገ ውኃ ጭምር፣ እርሳቸው ንግግር ሳያደርጉበት አይከፈትም።

ጉዳዩ ቀላል ነበር። ለሚያጠቡ እናቶች አልሚ ዱቄት ይታደላል። ድሮ ማን እንደተቸገረ የሚታወቀው ቤት ለቤት እየተዞረ ነው። አሁን የምግብ መዝጋቢ የሚባል ፕሮግራም መጣ፤ ማን ምን እንደበላ ይሰፍርበታል፣ ያልበላ ዱቄት ያገኛል። የሚያሰፍረው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ "ወኪሉ" ይሉታል። ወኪሉ በአማርኛም በወላይትኛም ስልክ ይደውላል፣ ይጠይቃል፣ የሰማውን ይመዘግባል። የሥራውን ወግ የሚያውቀው ግን በጽሑፍ ከተሰጠው መመሪያ ብቻ ነው። መመሪያው ውስጥ የሌለ ነገር ለእርሱ የለም። በዚህ ጠባዩ ከነባር ሠራተኞች ጋር በቶሎ እንደሚግባባ ተስፋ ተጥሎበት ነበር።

መመሪያውን የጻፈችው ቤዛዊት ናት፤ ቤት ለቤት ስትዞር የኖረችው። በሁለት ገጽ ጨረሰችው። ቦይና፣ ማለት ጎደሬ፣ በፍሬ ይቆጠራል። ፎሰሴ የበላ ሰው በቆሎና ጎመን በልቷል። ዳጣ ማባያ እንጂ ምግብ አይደለም። መጨረሻው ላይ እንዲህ አለች፦ "በልቻለሁ ማለት በልቷል ማለት አይደለም። የበላውን በስሙ ካልጠራ፣ ምድጃው ላይ ምን እንደተጣደ ጠይቅ። ካልነገረህ አልበላም ብለህ መዝግብ።" ይህቺን መስመር ያገኘቻት በገጠሩ በገሱባ ከቤት ወደ ቤት ጭቃ በእግሯ ስታቦካ ነው።

የገጹ ማነስ መመሪያውን የሚያጸድቀውን ኮሚቴ አሳዘነ።

"ቤዚ፣ የኔ እህት፣ ይኼ መመሪያ ነው የገበያ ማስታወሻ?" አሉ አቶ ቦጋለ። "ራእያችን የታል?"

"ማሽን ራእይ ምን ያደርግለታል ጋሼ?"

"ራእይ የማያስፈልገው ማን አለ!"

የሕዝብ ግንኙነቷ ወይዘሮ ሃይማኖት ደግሞ በሥርዓቱ ተከፉ። "'ጠይቅ' ብሎ ማዘዝ ምን ይሉታል? እንግዳ አይደል እንዴ? 'ይጠይቁ' በዪው።"

መመሪያው ሠላሳ ስምንት ገጽ ሆነ። ማሽኑ "እርስዎ" ተባለ፤ እርሱም ሰውን ሁሉ "እርስዎ" እንዲል ታዘዘ። ስለ ዞኑ መልክዓ ምድር አራት ገጽ ተጻፈለት። የሥራ ሰዓት እንዲያከብርም በብርቱ ተመከረ። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደርሱ አቶ ቦጋለ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሕዝባችን ውሸታም ነው ነው የምትዪው?"

"ጨዋ ነው ነው የምለው። ለማያውቀው ሰው ራበኝ አይልም። እርስዎስ ይላሉ?"

"እኔ ሲርበኝ ፊት ለፊት ነው የምናገረው! ትውጣ። በምትኳ 'በልቻለሁ ያለ ሁሉ ጠግቧል' ይባል።"

ተጨበጨበ። ሰባት ሰው ፈረመ። ያነበበው ግን ወኪሉ ብቻ ነበር፤ እርሱም ፊርማ የለውም።

በአሥራ አምስት ቀን ረሃብ ጠፋ። ወኪሉ ለሁለት ሺህ እናቶች ደወለ፤ ሁሉም "በልቻለሁ፣ ተመስገን" አሉ፤ ሁሉም ጠገቡ። ዱቄቱ መጋዘን ቀረ። ወይዘሮ ሃይማኖት ባነር አሠሩ።

ከገሱባ ወዲያ መንታ የምታጠባው ዘመነች ለቤዛዊት ደወለች።

"ቤዚ፣ ዱቄቱ ቀረ አሉኝ።"

"ምን ብለሽው ነው?"

"በልቻለሁ አልኩት። 'እርስዎ' እያለ አክብሮ የጠየቀኝን ሰው፣ ቤቴ ባዶ ነው ልበለው?"

"ልጆቹስ?"

"አንዱ ያለቅሳል። አንዱ ማልቀሱንም ትቷል።"

ቤዛዊት ሮጣ አቶ ቦጋለ ዘንድ ገባች። "ሪፖርቱ ወደ በላይ ሄዷል" አሏት። "የጠገበ ሰው በሪፖርት ወደ ኋላ አይመለስም።"

በሳምንቱ ድሉን ሊጎበኙ እንግዶች ከበላይ መጡ። ለዘመናዊነት ሲባል ምሳውን የማዘዝ ኃላፊነትም ለወኪሉ ተሰጥቶ ነበር። ረፋድ ላይ ለአቶ ቦጋለ ደወለ።

"ለእርስዎ ምሳ ይዘዝ?"

እንግዶቹ አጠገባቸው ተቀምጠዋል። "ኧረ እኔ በልቻለሁ! ለእንግዶቹ ይሁን!"

እንግዶቹም ወግ ያውቃሉ። "ኧረ እኛም በልተን ነው የመጣነው!"

ሰባት ሰዓት ሲሆን ጠረጴዛው ላይ የነበረው የአቶ ቦጋለ ንግግር ብቻ ነው።

"ቤዚ! ሥጋው የታል?"

"በልቻለሁ ብለዋል ጋሼ።"

"እሱማ ወግ ነው እንጂ! የማን ደንቆሮ መመሪያ ነው እንዲህ የሚለው?"

"ፊርማው የእርስዎ ነው።"

እዚያው ቆመው አስቸኳይ ውሳኔ አሳለፉ። ኃላፊ በልቻለሁ ሲል አልበላም ማለት ነው፤ ይህ ይጻፍ ተባለ።

"የእናቶቹስ?" አለች ቤዛዊት።

"የእነሱ ተጠንቶ ይታያል። አንቺ የኔን ጻፊና አምጪ፤ ልፈርም።"

ቤዛዊት ዓይን አፋር ናት፤ አለቃ ፊት ቀና ብላ አታይም። የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ ግን ማንም ቀና በይ አላላትም። 'ጠግቧል' የሚለውን አውጥታ፣ የጥንቷን የምድጃ መስመር ለሰው ሁሉ እንድትሆን አድርጋ መለሰቻት። አቶ ቦጋለ ሳያነቡ ፈረሙ፤ ሙሉ እምነት አላቸው ማለት ነው።

ወኪሉ ለእናቶቹ ሁሉ እንደገና ደወለ፤ በምሳው ቀን 'በልቻለሁ' ብለው መዝገቡ ላይ ሰፍረዋልና ለአቶ ቦጋለም ደወለ። እርሳቸው ከሥጋ ቤት መውጣታቸው ነበር።

"ዛሬ በልተዋል?"

"በልቻለሁ!"

"ምድጃዎ ላይ ምን ተጥዷል?"

"ምን አገባህ!"

ሦስት ቀን ጠየቃቸው፤ ሦስት ቀን ይኸው ሆነ፤ ሦስት ቀን አልበሉም ተብሎ ተመዘገበ።

ዱቄቱ ገሱባ ደረሰ። እደላውን በንግግር ሊከፍቱ አቶ ቦጋለ ሄዱ። ስም የሚጠራው በጣም ከተራበው ጀምሮ ነው። ጠሪው ወረቀቱን አየ፣ እርሳቸውን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አንደኛ፣ አቶ ቦጋለ።"

"እኔ? እኔ እኮ በልቻለሁ!"

ከሰልፉ ፊት የቆመችው ዘመነች አንዱን ልጅ በጀርባዋ፣ አንዱን በደረቷ እንደያዘች ፈቀቅ ብላ መንገድ ለቀቀችላቸው።

"አይፈሩ ጋሼ፣ ይውሰዱ" አለች። "እኛም እንዲሁ ብለን ነበር።"