ከድርቀት የራቀ ሲሚንቶ

በዚህ ዓለም ላይ እንደ መርከብ ነገረኛ ፍጥረት የለም። ሌላው ሲጣላ ከአንድ ሰው ጋር ነው፤ መርከብ ግን ከሻጭ፣ ከገዢ፣ ከወደብ፣ ከመድን ድርጅትና ከነፋስ ጋር በአንድ ጉዞ ይጣላል። ይህን ነገረኛ በአንዲት የጎማ ማኅተም ጸጥ ያሰኘ መሥሪያ ቤት ቢኖር የእኛ ብቻ ነው። እኔ መዝገብ ቤት ሠራተኛና የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ስለሆንኩ ታሪኩን ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም፤ አንዳንዱን ገጽ የቀደድኩትም እኔው ነኝ።

የሕንፃ ማጠናቀቂያ ዕቃ ከውጭ የምናስመጣ ድርጅት ነን። ሥራ አስኪያጃችን በባሕር ጭነት ላይ ስለሚነሡ የሕግ ክርክሮችና ስለ መከላከያቸው የሦስት ቀን ሥልጠና ሄደው ነበር። አሠልጣኙ የተናገረውን አብሯቸው በሄደው በነገረ ፈጃችን ማስታወሻ ላይ አይቼዋለሁ፦ "ክርክር ከጽሑፍ ይጀምራል የሚል ሰው፣ ዕቃው ተበላሽቶ ሲደርስ ጽፎ የማያውቅ ሰው ነው።" ሥራ አስኪያጃችን "ክርክር ከጽሑፍ ይጀምራል" እስከሚለው ድረስ በጥሞና አዳመጡ። ከዚያ ስልካቸው ጮኸና ወጡ። ሲመለሱ የምስክር ወረቀት እየታደለ ነበር።

በማግስቱ ሠራተኛው አዳራሽ ተጠራ። "አባቶች በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ብለዋል" አሉ ሥራ አስኪያጃችን። "አባቶች ግን ኮንቴይነር አላስመጡም። በጽሑፍ ያለ ያካስሳል።" አጨበጨብን። ወዲያው መመሪያ ተነበበ፦ ማንኛውም ሠራተኛ የዕቃን ሁኔታ የሚመለከት ማናቸውንም ቃል፣ ያለ ክርክር መከላከያ ዐቢይ ኮሚቴ ፈቃድ በጽሑፍ እንዳያሰፍር። ለመረካከቢያ ሰነድ አንድ ማኅተም ተቀርጿል፤ "በመልካም ሁኔታ ተረክበናል" ይላል። ዕቃው ገና ባሕር ላይ እያለ መልካምነቱ የተረጋገጠበት ዘመናዊ አሠራር ነበር።

ማኅተሙን በንብረት መረከቢያ ቅጽ ላይ ፈርመው የወሰዱት የመጋዘን ኃላፊዋ እማማ ቁልፍ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የመጋዘኑ ቁልፍ ከወገባቸው ስላልወረደ ነው ስሙ የወጣላቸው። ጡረታ ሊወጡ አንድ ወር ቀርቷቸው ነበር። ልጃቸው ሌላ ከተማ የበኩር ልጇን ወልዳ "እማዬ መቼ ነው የምትመጪው" እያለች በየቀኑ ትደውላለች። ሻንጣቸው ተዘጋጅቷል። የቀረችው ክሊራንስ ብቻ ናት፤ ክፍሉ ሁሉ "እኛ ዘንድ ዕዳ የለባቸውም" ብሎ የሚፈርምባት ያቺ ወረቀት። መጋዘን ውስጥ አንድ ዕቃ ከተበላሸ ደግሞ ክሊራንስ የለም።

አራት ኮንቴይነር ነጭ ሲሚንቶ የመጣው ይሄኔ ነው። የመጀመሪያው በር ሲከፈት ቀድሞ የወጣው ሲሚንቶ ሳይሆን ውሃ ነበር። እማማ ቁልፍ ቀና ብለው ጣሪያውን ሲያዩ በቀዳዳው ሰማይ ታያቸው። ሾፌሩ ሰነዱን ይዞ ቆሟል። ሥራ አስኪያጃችን ከቢሮ ወረዱ።

"ማኅተሙን የማያደርጉት ለምንድን ነው?"

"ረጥቧላ ጌታዬ።"

"ምኑ?"

"ሲሚንቶው ነዋ። ሌላ ምን ይረጥባል?"

"ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ሾፌሩ ይሰማል። ይህን ቃል የሚወስነው ኮሚቴው ነው።"

"ኮሚቴው እስኪወስን ድንጋይ ይሆናል። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ሲባል አልሰሙም?"

"ተረቱም ውስጥ ቃሉ አለበት" አሉ ሥራ አስኪያጃችን ቅር ብሏቸው። ማኅተሙን ተቀብለው አራቱም ሰነድ ላይ በገዛ እጃቸው መቱና ለእማማ ቁልፍ መለሱላቸው፤ ንብረትነቱ የእሳቸው ነዋ።

እማማ ቁልፍ ግን ሞኝ አይደሉም። የተበላሸ ሲሚንቶ በማን ላይ እንደሚደረመስ ያውቁታል። ከሰዓት በኋላ ከደብተር አንድ ገጽ ገንጥለው "ዛሬ ያመጣችሁት ሲሚንቶ ረጥቧል። የኮንቴይነሩ ጣሪያ ቀዳዳ ነው" ብለው ጻፉና በእግራቸው ሄደው ለመርከቡ ወኪል ቢሮ ሰጡ። የወኪሉ ጸሐፊ ሳታነብ "ደርሷል" የሚል ማኅተም ከነቀኑ መታችበት።

በማግስቱ ወኪሉ አነበበው። አንብቦም ይህ ወረቀት ከእሱ ፋይል ይልቅ እኛ ጋ ቢቀመጥ እንደሚሻለው ገባው። "ከእናንተ ቤት በስሕተት የወጣ ይመስለናል" ብሎ ከታላቅ አክብሮት ጋር ላከልን። ሥራ አስኪያጃችን በጨዋነቱ እንባቸው ሊመጣ እስኪደርስ ልባቸው ተነካ። ወዲያው ለእማማ ቁልፍ የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አስጻፉ፤ ያቺኑ የደብተር ገጽም ከነማኅተሟ "አባሪ አንድ" ብለው ዋናው ደብዳቤ ላይ በስፌት አያያዙላቸው። ወንጀለኛ ማስረጃውን አይቶ እንዲጸጸት ነው።

ኮሚቴው በበኩሉ አልተኛም። የመጀመሪያው ቀን አጀንዳ ሲጸድቅ ዋለ። በሁለተኛው ቀን ነገረ ፈጁ እጁን አወጣ።

"ውሉ በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካላሳወቃችሁ ዕቃውን ደህና አድርጋችሁ እንደወሰዳችሁ ይቆጠራል ይላል።"

"ለዚህ እኮ ነው በጥድፊያ መሳሳት የሌለብን" አሉ ሥራ አስኪያጃችን። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። እርጥብ ስንል ምን ማለታችን ነው?"

ጥያቄው ከባድ ነበር። የፋይናንስ ኃላፊው "እርጥበት የጎበኘው" አለ፤ ጉብኝት ፈቃድ ያለው ያስመስላል ተብሎ ወደቀ። "ላብ ያለው" የሚለው ሲሚንቶውን ሠራተኛ ያደርገዋል ተባለ። በአምስተኛው ቀን "ከድርቀት የራቀ" የሚለው ሐረግ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። እኔም በሚያምር እጅ ጽሑፌ ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈርኩት። ያን ጊዜ ሲሚንቶው ወደ ድርቀት ደርሶ አልፎት ሄዶ ነበር፤ እያንዳንዱ ከረጢት ዘበኛው ተቀምጦበት የማይነቃነቅ ድንጋይ ሆኗል።

ደብዳቤ ስላልወጣ ክስ የለም፤ ክስ ስለሌለ ድል ነው። በሩ ላይ "ክርክር አልባው ዓመታችን" የሚል ጨርቅ ተሰቀለ። ለበዓሉ ፋይሎቻችን እንዲጸዱ ታዘዘና የእማማ ቁልፍን ማስጠንቀቂያ ቅጂ እኔው በእጄ ቀደድኩት። አልዋሽም፣ ለእሳቸው ደስ ብሎኝ ነበር፤ ስማቸው የነጻ መስሎኝ።

ምን ዋጋ አለው። ክሊራንስ ሲጠይቁ ሥራ አስኪያጃችን በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ዕቃው በመልካም ሁኔታ ገብቷል። ማኅተም አለው። የደረቀው በእርስዎ እጅ ነው።"

"ረጥቧል ስል ቀጣችሁኝ፣ ሲደርቅም ቀጣችሁኝ" አሉ እማማ ቁልፍ። ቤታቸው ሄደው ተቀመጡ። ልጅቷ መደወሏን አላቆመችም፤ ሕፃኑ ፈገግ ማለት ጀመረ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የድርጅታችን ቦርድ ሰብሳቢ ሲሚንቶ ፍለጋ መጡ። አንዱን ከረጢት በጫማቸው ጫፍ ነካ አደረጉ፤ ከዚያ እግራቸውን ይዘው ተቀመጡ። ወኪሉ ሲጠየቅ በታላቅ አክብሮት የእኛኑ ማኅተም የያዘውን ሰነድ ላከ። ሰብሳቢው ለሥራ አስኪያጃችን ያሉት አጭር ነበር፦ "እስከ ሰኞ ካሣው የሚጠየቅበትን መንገድ ያመጣሉ። አለበለዚያ ወንበሩን ያስረክባሉ።"

"ቀኑ አለፈ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም" አለ ነገረ ፈጁ። "በሦስቱ ቀን ውስጥ ለወኪሉ የደረሰ፣ ማኅተሙ ያረፈበት አንዲት ወረቀት ብትኖር ኖሮ ግን ሌላ ነገር ነበር።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መዝገብ ቤት መሆን ጣጣው ይህ ነው።

"እኔ የቀደድኩት ቅጂውን ነው" አልኩ። "ዋናው ከነአባሪው እማማ ቁልፍ ጋ ነው። እኛው ነን በስፌት አያይዘን የሰጠናቸው።"

ቤታቸው ስንደርስ የሕፃን ልብስ እያጠፉ ነበር። ሥራ አስኪያጃችን ስለ ሠላሳ አንድ ዓመት ታማኝ አገልግሎታቸው ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። እማማ ቁልፍ ሦስት ልብስ አጥፈው እስኪጨርሱ ሰሟቸው።

"ወረቀቷ አለች። መጀመሪያ ክሊራንሴ ይፈረም።"

ሥራ አስኪያጃችን እዚያው ጉልበታቸው ላይ ፈረሙላቸው።

"አሁን የምትፈልጉትን በጽሑፍ ጠይቁኝ።"

"በቃል አይበቃም እማማ? እኛ እኮ ቤተሰብ ነን።"

"በቃል ያለ ይረሳል። ለምን እንደፈለጋችኋትም ጨምረው ይጻፉ።"

ሥራ አስኪያጃችን ብዕራቸውን አወጡ። "ሲሚንቶው" ብለው ጻፉና ቆሙ። ላብ ግንባራቸው ላይ ችፍ ብሏል።

"ከድርቀት የራቀ ብል..."

"እኔ እንዲህ የሚባል ሲሚንቶ አላውቅም" አሉ እማማ ቁልፍ።

ነገረ ፈጁ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እኔ ጫማዬን አያለሁ። ሥራ አስኪያጃችን "ረጥቦ ነበር" ብለው ጻፉ፤ ፈረሙበትም።

እማማ ቁልፍ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ ሻንጣቸውን ከፍተው ማስጠንቀቂያውን ከነአባሪው ለነገረ ፈጁ ሰጡት፤ ከሕፃኑ ልብስ ሥር ደግሞ አንድ ነገር አወጡ። ክሊራንስ ተከልክለው ስለከረሙ እስካሁን ያላስረከቡት ንብረት ነበር። ትንፋሻቸውን ሁለቴ እፍ አሉበትና ከሥራ አስኪያጃችን ፊርማ ጎን አጥብቀው መቱት፦ "በመልካም ሁኔታ ተረክበናል።"