የሲስተር እፀገነት አምስት ደቂቃ

ሲስተር እፀገነት በየማለዳው የክፍሌን በር በክርናቸው ገፋ አድርገው ይገባሉ። የባልዲያቸውን ክዳን ይከፍቱና አንዲት የተቀቀለች ስንዴ አንስተው በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሃል ይጨፈልቋታል። ከዚያ ጣታቸውን ዓይኔ ሥር ድረስ ያመጡና፣ "አየሽ? ያልተፈተገ!" ይላሉ። እኔ ገና ፊቴን አልታጠብኩም።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ሳይርብህ ያበላሃል፣ ሳትታመም ያክምሃል፣ ሳትጠይቀው ይመልስልሃል። የጁቤም አንድ አለ ይባላል፤ አምበርም አንድ አለ። የቢቸናዋን ግን እግዚአብሔር ከእኔ ጋር ግድግዳ አጋርቶ አስቀመጣቸው።

ክብርት ሲስተር እፀገነት በጤና ጣቢያ ነርስ ናቸው። ከአርሲ ለሁለት ዓመት ተመድበው መጡ፤ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው። እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ሁለታችንም በእትዬ ወለተ ኢየሱስ ግቢ ጎን ለጎን አንዳንድ ክፍል ተከራይተናል።

ቅዳሜ ማታ እህል ይዘፈዘፋል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስንዴው ለብቻ፣ ሽምብራው ለብቻ፣ ማሽላው ለብቻ ይጣዳል። ግቢው በሙሉ እንፋሎት ይሆናል፤ ሦስት ከሰል ማንደጃ መንገዱን ዘግቶ ይውላል። ሲቀዘቅዝ በየባልዲው ገብቶ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። መብራት ከጠፋ ደግሞ ሳይበላሽ ይለቅ ተብሎ የግቢው ሰው ሁሉ ይጠራል። በሳምንቱ ውስጥ ሲስተር የሚያውቁት የጊዜ መለኪያ አንድ ብቻ ነው።

"ስንዴውን ከቲማቲም፣ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ሎሚ ጨምቀሽ መለወስ ነው፤ አምስት ደቂቃ! ማሽላውን በእርጎ፤ አምስት ደቂቃ! ጾም ከሆነ በተልባ፤ እሱማ ሦስትም አይሞላ!"

ሌሊቱን ሙሉ የተዘፈዘፈበት፣ እሑድን ሙሉ የተንተከተከበት የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አብሮት የሚመጣው ትምህርትም አይቆጠርም። ስለ አንጀት፣ ስለ ፋይበር፣ ስለ ነጭ ዱቄት ተንኮል አርባ ደቂቃ ይነገረኛል። አንድ ቀን ግጥም ጀምሬ የመጨረሻው ስንኝ ቤት አልመታ ብሎኝ ስታገል ገቡ።

"ልጨርስና እበላለሁ ሲስተር።"

"ምን እየጠበቅሽ ነው?"

"ቤት የሚመታ ቃል።"

"ቃሉ ነገም አይሻግት። ብዪ!"

እሳቸው ግን ሰው ቤት አይበሉም። በየትም ቤት "በልቼ ነው የመጣሁ" ይላሉ። ጉርሻማ ጭራሽ አይነሳ። በእትዬ ወለተ ኢየሱስ ልጅ ሠርግ ላይ፣ ሴትዮዋ በዶሮ ወጥ የራሰ ጉርሻ ጠቅልለው እጃቸውን ሲዘረጉላቸው፣ ሲስተር ወደ ኋላ ሸሸት አሉና በሰው ሁሉ ፊት ጠየቁ፤ "እጅዎን በሳሙና ታጥበዋል? ለስንት ሰከንድ?" ሁለቱ እስከ ፋሲካ አልተነጋገሩም።

ለምን ታገሥሻቸው የሚለኝ ካለ፣ መልሱ አባቴ ነው። አባቴ ሞጣ ነው የሚኖረው። ስኳር አለበት። ባለፈው ዓመት በግራ እግሩ ትንሿ ጣት ላይ ቁስል ወጥቶ አልድን አለ። ሐኪሙ፣ "መድኃኒቱን በሰዓቱ ካልወሰዱ፣ አመጋገብዎንም ካላስተካከሉ ጣትዎ ትቆረጣለች፤ በጣት ላይቆምም ይችላል" አለው። አባቴ አመስግኖ ቤቱ ገባና ነጭ ዳቦውን በሻይ ቀጠለ። ሻዩ ላይ አራት ማንኪያ ስኳር አለ። ይህን ለሲስተር አንዴ በስህተት ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲያ አባቴ ሳያውቅ የእሳቸው ታካሚ ሆነ፤ በየማለዳው ስንዴዋ ከተጨፈለቀች በኋላ፣ "ጣቷስ?" ይሉኛል።

የትምህርት ቤቱ ነገር የመጣው በዚህ መሃል ነው። አንድ ጠዋት ቁርስ ሳልበላ አምልጬ ወጣሁ። ሲስተር ተከትለውኝ መጡ። ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ባልዲውን የመምህራን ማረፊያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ "ለመክሊት ነው፤ አይዟት በሏት፤ ትብላ" ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

የፊዚክስ መምህሩ ሽታሁን ክዳኑን ከፈተ። ንፍሮ። ሽታሁን የአባቴን መታመም ያውቃል። በእኛ አገር ንፍሮ በባልዲ ሆኖ "አይዟት" ተብሎበት ሲመጣ ሌላ ትርጉም የለውም።

በስድስት ሰዓት ቤቴ ገብቼ ጫማዬን እያወለቅኩ በሩ ተንኳኳ። የትምህርት ቤታችን መምህራን በሙሉ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። የዚያን ቀን ኔትወርክ አልነበረም። እኔ ያልሰማሁትን ከሞጣ እነሱ ሰሙ ብዬ አሰብኩ። ምንም ሳልጠይቅ ጮህኩ። ተያይዘን አለቀስን።

ሩብ ሰዓት ያህል ካለቀስን በኋላ ሲስተር እፀገነት ለምሳ መጡ።

"ምንድን ነው? ማን ሞተ?"

"የመክሊት አባት" አለ ሽታሁን እንባውን እየጠረገ።

ሲስተር ባሉበት ቀሩ። "ማን ነገረህ?"

"ንፍሮው" አለ።

እሳቸው ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ፣ እኔ ለማመን ግማሽ ቀን ፈጀብን። ሌላ ሰው ቢሆን በኀፍረት ባልዲውን ይቀብራል። ሲስተር ግን አሥራ ስምንት ሰው ተሰብስቦ በማግኘታቸው ጊዜ አላጠፉም። ሽታሁን ይዞት የመጣውን ንፍሮ ለለቀስተኛው በየእጁ እያፈሱ ስለ ፋይበር አስተማሩ። ሽታሁን ሁለት ጊዜ አስጨመረ።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ግን ደጃፌ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆሙ። "እንዲህ ነው የምታለቅሺለት?" አሉኝ። "ቅዳሜ ሞጣ እንሄዳለን" አሉ። ፈቃዴን አልጠየቁም።

ሚኒባሱ ውስጥ ባልዲውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ደብረ ወርቅ ሳንደርስ አጠገባችን ያሉት እናት ባልዲውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ "እግዜር ያጥናሽ ልጄ" አሉኝ። "አሜን" አልኩ። ከማስረዳት አሜን ማለት ይቀላል።

ሞጣ ስንደርስ አባቴ ጓሮ ጌሾ ይኮተኩታል። እያነከሰ ገባ፤ ሰላም አለን፤ ወንበሩ ላይ አረፍ አለ። ሲስተር ክዳኑን ከፈቱ። አባቴ ወደ ውስጥ አየና ለእናቴ፣ "ሳልሞት ንፍሮዬ ደረሰ?" አላት።

"ጋሽ ወልደ ኪዳን፣ ይህ ያልተፈተገ ስንዴ ነው። ከሽምብራ ጋር፣ በልክ፣ አንድ እፍኝ። ለማዘጋጀት አምስት ደቂቃ…"

"ሲስተር፣ እኔ ሠላሳ ዓመት የእድር ዳኛ ነበርኩ። ንፍሮ የማውቀው በድንኳን ነው። የስንቱን ሰው በልቻለሁ መሰለዎት! የራሴን ግን አልበላም።"

"ጣትዎ ልትቆረጥ ነው እኮ!"

"ጣት ይቆረጣል እንጂ ሰው በቁሙ ተዝካሩን አይበላም።"

ሲስተር ስንዴ አንስተው ጨፈለቁለት። ጥርሱን ሊነቅል የመጣ ሰው እንደሚመለከት አየት አደረጋቸው። ስለ ደም ስኳር ነገሩት፤ ስለ ነርቭ ነገሩት፤ ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ። እናቴ በዚህ መሃል ሽሮ በእንጀራ አቀረበች። ሲስተር እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ "በልቼ ነው የመጣሁ" አሉ።

አባቴ ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ፤ በእድር ስብሰባ ላይ ሰው የሚረታባት ናት።

"ከቢቸና ድረስ በልተው መጡ?"

"አዎ።"

"የእኔን ቤት እህል ሳይቀምሱ፣ የእርስዎን እንድቀምስ ይፈልጋሉ?"

አባቴ እጁን ወደ ባልዲው ላከና አንድ እፍኝ ንፍሮ ዘገነ። ለራሱ አልወሰደም። ወደ እሳቸው ዘረጋ። እርስዎ ማለቱንም ተወው፤ "እንቺ እህቴ፣ ጉረሺ። አንቺ ከጎረስሽ እኔም እበላለሁ" አለ።

ሠርጉ ትዝ አለኝ። ስንት ሰከንድ ሊሉ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምንም ድምፅ ሳጣ ገለጥኩት። ሲስተር እፀገነት አጎንብሰው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ከአባቴ መዳፍ ጎርሰዋል። ብዙ ጊዜ አኘኩ። ሲውጡ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። "ጨው አንሶታል" አሉ።

አባቴ በላ። በማግስቱም በላ። ጣቷ ዛሬም ቦታዋ ላይ አለች። ሐኪሙ መድኃኒቱን በሰዓቱ ስለወሰደ ነው ይላል፤ እናቴ ጠበሉ ነው ትላለች፤ ሲስተር ምን እንደሚሉ መናገር አያሻኝም። አሁን በየሳምንቱ አንድ ባልዲ በሚኒባስ ሞጣ ይሄዳል፤ ሾፌሩም እስካሁን በየሳምንቱ ነፍስ ይማር ይላል።

ስለ እሳቸው ልጽፍ መሆኑን ለመንገር ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ትናንት ማለዳ፣ ስንዴዋ ከተጨፈለቀች በኋላ ነገርኳቸው።

"ስንት ደቂቃ ይወስዳል?"

"ሦስት ሳምንት ገደማ።"

"ምነው? ቀድመሽ የቀቀልሽው የለሽም?" አሉና ባልዲያቸውን ከደኑ። ጥለውኝ ወጡ። ከደጅ ተመለሱ።

"ለቅሶውንም ጻፊ፤ እውነት ነው። ጉርሻውንም ጻፊው፤ እትዬ ወለተ ኢየሱስ ከተቀየሙ ይቀየሙ። አባትሽ ከጌሾው መጥተው እጃቸውን እንዳልታጠቡ ግን እንዳትጽፊ።"