ቱርቦዋን የነካካሁባት ጠዋት

ሰው መኪና መንዳት ሲጀምር የሚነዳው በእጁና በእግሩ ነው። እየቆየ ሲሄድ ግን እጁን መሪው ላይ ትቶ ልቡ ሌላ አገር ይሄዳል። የኢሉባቦር መንገድ ደግሞ ለዚህ አመል የተመቸ ነው። ጠዋት ጉም ይወርዳል፣ ጫካው ከግራና ከቀኝ ይጠጋል፣ ጉሬዛዎቹ ነጭ ካባቸውን አንጠልጥለው ከዛፍ ላይ ቁልቁል ያዩሃል፤ አንተም ስለ አንድ ነገር ማሰብ ትጀምርና ስትባንን የሁሩሙን ከተማ አልፈሃል። እኔ በዚህ መንገድ ማርና ቡና እየጫንኩ ስመላለስ ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። መሪ ላይ ተቀምጬ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ሠርቻለሁ። አልወደድኩትምና አፍርሼ እንደገና ሠርቼዋለሁ።

ከሕልሞቼ ሁሉ የማይለቀኝ ግን ፍጥነት ነበር። ፒክአፔ ቱርቦ ያላት አሮጌ የናፍጣ መኪና ናት። ቱርቦ ለማታውቁ ባጭሩ ላጫውታችሁ፦ ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ዝም ብሎ አይወጣም፤ አንዲት ትንሽ መዘውር እያሽከረከረ ያልፋል። መዘውሯም አየር እየጠቀጠቀች ወደ ሞተሩ ትመልሳለች። ብዙ አየር ከብዙ ናፍጣ ጋር ሲገናኝ ብዙ ጉልበት ይሆናል። ዳገት ላይ ስትረግጣት በቀጭኑ ታፏጫለች። ያቺን ፉጨት የሰማ ሰው ከዚያ በኋላ ሌላ ዘፈን አያምረውም።

ችግሩ ጓርኒሲዮን ነው። የሞተሩ አካልና ቴስታታ የምንለው የላይኛው ራሱ በሚገጣጠሙበት ቦታ ላይ አንዲት ቀጭን ሽፋን አለች። እሳቱን በቦታው የምትይዘው፣ ውሃውን ከዘይቱ የምትለየው እሷ ናት። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ትቃጠላለች። ያን ጊዜ ዘይቱ ወተት የተጨመረበት ሻይ ይመስላል፣ ጭሱ ይነጣል፣ አንተ ደግሞ ትጠቁራለህ። የእኔዋ ሁለት ጊዜ ተቃጥላለች።

ሁለተኛው ጊዜ መቱ ውስጥ እትዬ ብዙነሽ ጋራዥ አስጎትቼ ወሰድኳት። እትዬ ብዙነሽ ባላቸው ሲሞቱ ጋራዡን ዘግተው ወደ ንግድ ይገባሉ ተብሎ ሲጠበቅ ቱታውን በልካቸው አሳጥረው የለበሱ ሴት ናቸው። ሞተር የሚያዳምጡት ረጅም ብረት አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ሥር አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። ሲያዳምጡ ጸሎት ላይ ያሉ ስለሚመስሉ ሰው ቆቡን ያወልቃል።

«ማን ነው እዚህ የነካካው?» አሉኝ።

«ማንም አልነካም፣ እትዬ።»

ቁልፋቸውን አነሡ። ከዚያ ቴስታታውን አወረዱ፣ መጣመም አለመጣመሙን ቀጥ ባለ ብረት ለኩ፣ ፊቱን አስተካክለው አዲስ ጓርኒሲዮን አስገቡ፣ ብሎኖቹን ከመሐል ጀምረው ወደ ዳር በየተራ አጠበቁ። በመጨረሻም የቱርቦዋን ግፊትና የናፍጣውን ፖምፓ ቀነሱ።

«አሁን ዳገት ላይ ቀስ ትላለች። ቀስ ማለቷ ጤናዋ ነው» አሉ። «የሙቀቱ መርፌ ከግማሽ ሲያልፍ ፍጥነት ቀንስ። ቀዩን ከነካ ግን ቁም፤ ማንም ይጠብቅህ፣ ቁም።»

«እሺ» አልኩ። እሺ ማለት ለእኔ ምንጊዜም ቀላል ነው።

በዚያው ሰሞን ታላቅ ወንድሜ ገመቹ ታመመ። ገመቹ ኡካ የሚኖር፣ ልጆቹን ብቻውን ያሳደገ ሰው ነው። መቱ ሆስፒታል ተኝቶ ሲመረመር ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል ተባለ። የተቆረጠለት ቀን ደግሞ የበኩር ልጁ የሌንሴ ሰርግ ቀን ሆነ። ሰርጉ ይተላለፍ ብንል እምቢ አለ። «እኔ ካልተነሳሁ ልጄ በሐዘን ልትዳር ነው? ሙሽራውን ሆስፒታል አስጠብቁት፤ እሷን ከምሳ ሰዓት በፊት አምጡልኝ፤ በእጄ ሰጥቼ ልግባ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተ ታመጣታለህ» አለኝ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። የሰርጉ ዕለት ጠዋት ኡካ ላይ መኪናዬን አስነሥቼ ትንሽ ስሞክራት የተኛች መሰለችኝ። ፉጨቷ የለም። ወንድሜ አልጋ ላይ ሆኖ በሩን በሩን ሲያይ ታየኝ። ቁልፌን አወጣሁና ኮፈኑን ከፍቼ እትዬ ብዙነሽ የቀነሱትን ግፊትም ናፍጣም መልሼ ጨመርኩ። ካሰብኩት ትንሽም አሳለፍኩ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች ሚስቴ አስቴር ከኋላዬ።

«ዘይት እያየሁ።»

ሌንሴ በነጭ ቀሚሷ ከፊት ተቀመጠች፤ አስቴርና ሚዜዋ ከኋላ። ተነሣን። ጉሙ ገና አልገፈፈም ነበርና መንገዱ ከፊታችን እየተፈጠረ ከኋላችን የሚጠፋ ይመስል ነበር። የቡናው አበባ ሽታ በመስኮት ይገባል። ቱርቦዋ ማፏጨት ጀመረች። እኔም በሐሳብ ሄድኩ። ገመቹ ወጣት ሆኖ፣ እኔ ትንሽ ሆኜ፣ ወንዝ ሲያሻግረኝ በትከሻው ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ከታች ውሃው ይፈሳል፤ እሱ ግን አይንገዳገድም። ምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደሆንኩ አላውቅም። ከኋላ አስቴር በኦሮምኛም በአማርኛም «ሱታ! ሱታ! ቀስ በል እንጂ ሰውዬ!» ስትል ከሩቅ እሰማታለሁ።

«አጎቴ» አለች ሌንሴ፣ «ይቺ መርፌ ቀዩ ውስጥ መግባት አለባት?»

ባነንኩ። ትልቁ ዳገት ወገቡ ላይ ነን። ቅድም አበባ የሸተተው አየር አሁን የፈላ የራዲያተር ውሃ ይሸታል። ዳገቱን ልጨርሰው ትንሽ ነው የቀረኝ። ብቆም ወንድሜ ያመልጠኛል፤ ባልቆም ጓርኒሲዮኗ ትሄድና ጭራሽ አልደርስም። እግሬ ከነዳጁ ላይ አልነሣ አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያቆመኝ ብልሃት አልነበረም። የሌንሴ እጅ ክንዴ ላይ አረፈ። እሱ ነው ያቆመኝ።

እንፋሎቱ ከጉሙ ጋር ተቀላቀለ። ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ ብከፍተው ፊቴን ይልጠኛልና መጠበቅ ብቻ ሆነ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ከዚያ ሌላ ድምፅ የለም። ሌንሴ ቀሚሷን ሰብስባ ወረደችና አጠገቤ ቆመች።

«ተበላሸች?»

«እኔ ነኝ ያበላሸኋት» አልኳት። «ቀስ እንድትል ተስተካክላ ነበር። ዛሬ ጠዋት ነካካኋት። ቶሎ ላደርስሽ ብዬ።»

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣችም። ዓይኗ ግን እንባ ሞላ። «እንግዲያው መልሳት» አለች።

ጨርቅ ጠቅልዬም ጣቴ እየተቃጠለ ግፊቱንም ናፍጣውንም ወደነበሩበት መለስኩ። አንድ ገበሬ እንፋሎቱን አይቶ ከእርሻው ውሃ በጀሪካን ይዞ መጣ፤ ሙሽራ ሲያይ ደንግጦ መጀመሪያ መረቀ፣ ቀጥሎ ውሃውን ሰጠኝ። ራዲያተሩ በረድ ሲል ሞላሁት። ዘይቱን ሳየው ንጹሕ ነው። ጭሱም አልነጣም። ጓርኒሲዮኗ ተርፋለች።

ከዚያ በኋላ የሄድነውን መሄድ ብላችሁ ብትጠሩት ደስ ይለኛል። ሙቀቱ ከሞተሩ እንዲወጣ የውስጡን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፤ መስኮቶቹንም ከፈትናቸው። ሙሽራዋ በላብ ራሰች። ሚዜዋ ሚዜነቷን ረስታ የራሷን ፊት በሰርጉ ፕሮግራም ወረቀት ታራግባለች። አህያ የሚነዱ ሰዎች ደርሰውብን ሰላምታ ሰጥተውን አለፉ።  እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳላልም ነዳሁ፤ መርፌዋን ብቻ እያየሁ።

መቱ ስንደርስ ገመቹ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብቷል።

ሙሽራው ከነሱፉ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ሌንሴ አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች። ገመቹን ወደ ውስጥ ያስገባችው ነርስ መጥታ፣ «ብዙ ጠብቆ ነበር» አለችን። «ሲጠሩት ግን አላስቸገረም። ‹የሚያመጣት ወንድሜ ነው፤ ከቆየ ለልጄ ተጠንቅቆ ነው› አለ።» ያን ጊዜ ወደ መኪናዬ ሄጄ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። አስቴር መጥታ መስኮቱን አንኳኳች፤ አየችኝና ተመልሳ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ አወጡት፤ ሲነቃም ሁለት ሦስት ሰው እንድንገባ ፈቀዱ። ገመቹ ዓይኑን ገለጠ፤ የሌንሴን ነጭ ቀሚስ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ሰርጉ አለፈ?» አለ በቀጭን ድምፅ።

«አላለፈም አባ፣ አንተን እየጠበቀ ነው።»

እጇን ፈልጎ ያዘ። የሙሽራውንም ጨመረበት። ከዚያ በላይ መናገር ስላልቻለ ሁለቱን እጆች ደረቱ ላይ አስቀምጦ ተኛ። ከዚህ የበለጠ ምርቃት አላየሁም።

በማግስቱ እትዬ ብዙነሽ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ብረታቸውን አንሥተው ሞተሩን አዳመጡና፣ «እሷ ይቅር ብላሃለች» አሉ። «እኔ ገና ነኝ።»

አሁን ገመቹ ድኗል። ባለፈው ሰንበት ሊጠይቁት የመጡ ሽማግሌዎች ባሉበት፣ «እንደሱ ዓይነት ጥንቁቅ ሹፌር በኢሉባቦር የለም፤ እኔ በር በሩን እያየሁ እንኳ አልቸኮለም» እያለ ሲያሞግሰኝ መቋቋም አቃተኝና እውነቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወራሁ። ሁሉም አዳመጡኝ። ገመቹ ስፌቱን ይዞ ሳቀ።

«አያችሁ?» አላቸው፤ «ትሕትናው ደግሞ!»

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሙሽራ እንዳመጣ ተቀጥሬያለሁ። ሁለቱም ቤተሰቦች ቀስ ብዬ እንድነዳ አደራ አላሉኝም፤ ያውቁኛል።